ከጎማው ፊት

ሰኞ

ዛሬ የአባባን ፒካፕ ሸራ ገፈፍኩት። ስንት ዓመት ተሸፍኖ እንደቆየ እግዜር ይወቀው። አይጥ መቀመጫው ውስጥ ወልዳለች፣ ሁለቱ ጎማዎች ሞተዋል፣ የጋቢናው ወለል ዝጎ መሬቱን ያሳያል። ግን ቆሟል! ሰማያዊው ቀለም ከአቧራው ሥር አሁንም ሰማያዊ ነው። ኮፋኖውን በመዳፌ መታ መታ አደረግኩት፤ እንዲህ ያለ ላሜራ ዛሬ የለም። የዛሬዎቹን ፒካፖች በክርንህ ብትደገፋቸው ይሰረጉዳሉ።

አባባ በመስኮቱ ሲያየኝ ዋለ። ከታመመ ወዲህ የሚታዘዘው ግራ እጁ ብቻ ነው። አፉ ላይ የቀረችውም ቃል አንድ ናት፣ «በቃ»። ሲርበው በቃ፣ ሲጠማው በቃ፣ ሳገላብጠው በቃ። ሐኪሙ ይሄን ክረምት መዝለቁን ተጠራጥሯል። እኔ ደግሞ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፤ ይሄ ፒካፕ ተነስቶ፣ አባባ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጦ አንዴ ሰፈሩን ሳይዞር አይሞትም።

ባለቤቴ «ለምን አትሸጠውም?» አለች። አንዳንድ ጥያቄ ሰው ለማናደድ ብቻ ነው የሚጠየቀው።

ረቡዕ

ቅባት መጣ። የሰፈሩ መካኒክ ነው፤ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ከመኪናው ሥር ሲወጣ እየሳቀ ነበር። ሞተሩ ይድናል አለ። ፍሬኑም ይሠራል። እጅ ፍሬኑ የለም በለው፣ ገመዱ ድሮ ተበጥሷል። ቁልፉም መብራት ይሰጣል እንጂ አያስነሳም።

«ድሮስ መቼ አስነስቶ ያውቃል?» አልኩት። አባባ የሚያስነሳው በካቻቪቴ ነበር። ቁልፉን ይከፍትና ወርዶ፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ላይ ያሉትን ሁለት ቡሎኖች በካቻቪቴው ያገናኛቸዋል። ጭርር ብሎ ይነሳል።

«የዚህ መኪና ሞተሪኖ የተረገመ ቦታ ነው ያለው» አለ ቅባት። «ከላይ እጅ አያስገባም። ከጎን ብረት አጥሮታል። ከቀኝ ጎማው ፊት በደረትህ ተኝተህ፣ ክንድህን እስከ ትከሻህ ድረስ ሰደህ ነው የምታገኘው። ሌላ መንገድ የለውም። አዲስ ቁልፍ ላስገባልህ?»

አይሆንም አልኩ። አባባ እንደሚያውቀው ሆኖ ነው የሚነሳው።

«እንግዲያው ማርሹ ፎሌ ላይ፣ ነጻ መሆኑን ሳታይ እንዳትተኛ። ማርሽ ውስጥ ከሆነ ዘሎ ነው የሚመጣብህ።»

ይሄን ለእኔ ነው የሚነግረኝ! እናቴን የበላት ምን ሆነና!

ሐሙስ ማታ

ካነሳሁት አይቀር ልጻፈው።

ትንሽ ልጅ ነበርኩ፣ ቤት ውስጥ ነበርኩ። የሞተሩን ድምፅ ሰማሁ፣ ቀጥሎ አንድ ድው የሚል ነገር፣ ቀጥሎ የታላቅ ወንድሜን ጩኸት። ስወጣ እማዬ በግቢው ግንብና በመኪናው የፊት ፓራውልት መሃል ነበረች። ፊቷ ምንም አልሆነም። ከደረቷ በታች ያለውን አልጽፈውም።

አባባ ለፖሊስም ለሰውም የተናገረው ይሄ ነው። ግቢያችን ወደ ግንቡ ያዘነብላል። እጅ ፍሬን ስለሌለ ሁሌ ከጎማው ሥር ድንጋይ ይደረጋል። ያን ሰሞን ድንጋዩ ጠፍቶ ነበርና ማርሽ ውስጥ አስገብቶ አቆመው። ጠዋት ረሳው። በካቻቪቴው ሲያገናኘው መኪናው ዘለለ። እማዬ ፊት ለፊቱ ቆማ ነበር። አለቀ። እዚያ ምን ልትሠራ እንደቆመች ማንም አልጠየቀም።

በቀብሯ ቀን አባባ ሳጥኑን በቀኝ ትከሻው ተሸክሞ ከቤታችን እስከ መቃብሩ አደረሳት። ሰዎች እንቀበልህ ሲሉት «አትንኩኝ!» አለ። ያን ትከሻ እስክሞት አልረሳውም። ጥፋት ያለበት ሰው እንዲያ ቀጥ ብሎ ይሸከማል?

ሌላ ነገር ያወራው ወንድሜ ብቻ ነው። እሱ ከኋላ ጭነቱ ላይ ነበር። «አባባ ጋቢና ውስጥ ነበር፣ መሪውን ይዞ ነበር» አለ። ለዚህች ወሬው አባባ ጀርባውን በቀበቶ ገሸለጠውና አጎታችን ዘንድ ላከው፤ እዚያው አደገ። ልጅ ሲደነግጥ ያላየውንም ያያል። እኔ ያኔም አልፈረድኩበትም።

ቅዳሜ

ካርቡራተሩን ፈትቼ በቤንዚን አጠብኩት። አውራ ጣቴ ተቆረጠ። ደሙ ቤንዚኑ ውስጥ ሲገባ ያቃጥላል፣ አቤት!

አንድ ነገር ዛሬ ልብ አልኩ። ባለቤቴ በመኪናው ፊት አታልፍም። ውሃ ይዛም ቢሆን፣ እየዘነበም ቢሆን፣ ከኋላ ዞራ ነው የምትሄደው። «ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ምንም።»

«ምንም ምንድነው?»

«ወንድምህ ነግሮኛል» አለች። መቼ? የት? ከኔ ሚስት ጋር ስለኔ እናት ምን አገባው? ምሳ እየበላን ነበር። ሳህኑ ግድግዳው ላይ ተሰበረ። ወደ እሷ አልወረወርኩትም፤ ወደ ግድግዳው ነው። እሷም ይሄን ታውቃለች። ስብርባሪውን ስትለቅም ግን ቀና ብላ አላየችኝም፣ እሱ ነው ያናደደኝ።

ማክሰኞ

የምሠራበት መጋዘን። እኔ ሚዛን ላይ ነኝ፤ አንዱ ተሸካሚ ጆንያውን ሚዛኑ ላይ ወረወረው። ቀስ በል አልኩት። ሳቀብኝ። አንዴ ነው ያቀመስኩት፣ ከዚያ ሰው ገላገለን። ጆሮው ደምቷል አሉ። ጆሮ በትንሹም ይደማል።

አለቃው እቤትህ ቆይ አለኝ። ይሻላል፣ ለመኪናው ጊዜ አገኛለሁ። ስወጣ ሁለቱ ሽማግሌዎች በሩ ጋ ይንሾካሾካሉ። አንደኛው «ምን ታደርገዋለህ፣ የአባቱ ልጅ ነው» አለ። ሌላኛው ራሱን ነቀነቀ። እኔስ ኮራሁ። አባባ በዚህ ሰፈር ማንም ደፍሮ ቀና ብሎ የማያየው ሰው ነበር።

እሁድ

ልጽፈው ነው።

ወንድሜ መጣ። በዓመት አንዴ ብቅ ይላል፣ እሱም አባባ ክፍል ሳይገባ ከበራፍ ይመለሳል። እኔ ጎማዎቹን አስሬ፣ ድንጋዩን ከፊት ጎማው ሥር ሸጉጬ፣ ኮፋኖውን ገና መዝጋቴ ነበር።

«ልታስነሳው ነው?» አለኝ።

«እንደምን ዋልክ አይባልም ጋሼ?»

«ልታስነሳው ነው ወይ?»

«ምን ይጠበስ?»

«እናታችንን የጨፈለቀ ብረት ላይ ሰውዬውን አስቀምጠህ ልታንሸራሽረው ነው?»

«ሰውዬው አባትህ ነው። እሷን የገደላት ደግሞ አጋጣሚ ነው።»

«አጋጣሚ መሪ ይይዛል?» ጮኸ። «እኔን አጎታችን ቤት ወስዶ ሊጥለኝ ነበር። ልጄን አትወስደውም ብላ መኪናው ፊት ቆመች። እኔ ከኋላ ሆኜ በመስታወቱ ማጅራቱን አያለሁ። ዘወር በይ አላት። አልሄድም አለች። ዘወር በይ አላት፣ ሁለተኛ። ከዚያ ነዳው።»

«ውሸታም!»

ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ከጎማው ሥር ነቀለው። መኪናው ቀስ ብሎ ተንሸራተተና ፓራውልቱ ግንቡን ድው አደረገው። ያን ድምፅ ሁለታችንም እናውቀዋለን። ከዚያ ድንጋዩን ከጭንቅላቱ በላይ አንስቶ የፊት መስታወቱ ላይ ለቀቀው።

ዓይኔ ቀላ። ጎማዎቹን ያሰርኩበት ትልቁ ቺያቬ እጄ ላይ ነበር። ኮሌታውን ይዤ አፉን አልኩት። አንዴ። ሁለተኛውን እሱ በክንዱ መለሰው፣ ሲሰነጠቅ ሰማሁት። ሦስተኛውን ባለቤቴ ጀርባዬ ላይ ተንጠልጥላ ነው ያስጣለችኝ። ሁለት ጥርሱ ኮፋኖው ላይ ነበሩ።

መሬት ላይ ተቀምጦ ደሙን እየተፋ ሳቀ። «እሱም እንዲህ ነበር የሚመታው» አለ። «በግራው ኮሌታ ይይዝና በቀኙ።»

አባባ በመስኮቱ «በቃ፣ በቃ» ይላል። ለማን እንደሆነ እንጃ።

ሰኞ

ድንጋዩን ወስጄ ገደል ከተትኩት። እዚህ ግቢ ውስጥ ሳየው ደሜ ይፈላል።

ወንድሜ ክንዱ ታስሯል አሉ። አልከሰሰም። ይክሰስ ነበር! የመስታወቴን ነገር ያኔ አሳየው ነበር።

ማክሰኞ ማታ

ባለቤቴ «እሁድ ዕለት ዓይንህ ልክ እንደ አባትህ ነበር፣ ክፍሉ ውስጥ እንዳለው ፎቶ» አለችኝ። በራፉ ላይ ቆማ ነበር፣ ማለፍ ፈለግኩ፣ ገፋ አደረግኳት። መግፋት ነው እንጂ መምታት አይደለም። ክንዷን ያገኛት የበሩ እጀታ ነው። በልዟል። ቅቤ ቀቢው ብላት አልሰማችኝም። እንደ እንግዳ ሰው «እሺ» ብቻ አለች።

እኔ እንደ አባባ አይደለሁም። አባባ በቀበቶ ነበር። እኔ ቀበቶዬን ለዚህ ፈትቼ አላውቅም።

ኧረ ለምን ገፋኋት? ከኋላዬ ዞራ ብታልፍ ኖሮ።

ዓርብ

ተነሳ!! ተነሳ!!!

ከጎማው ፊት በደረቴ ተኝቼ፣ ክንዴን ሰድጄ፣ ካቻቪቴው ብልጭ አለ፣ አንዴ አሳለና ተነሳ። ጭሱ ግቢውን ሞላው። ብቻዬን እንደ ሕፃን ዘለልኩ። አባባ መስኮቱን በግራ እጁ ይደበድባል። አልቅሷል። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ታመጣለህ በለኝ!

ራዲያተሩ ስለሚያፈስ ብዙ አላቆየሁትም። እስከ በሩ ነዳሁት፣ መለስኩት። ድንጋይ ስለሌለ ማርሽ ውስጥ አስገብቼ አቆምኩት። ነገ አባባን አዞረዋለሁ።

(ቀኑን አላውቅም)

በግራ እጄ ነው። ፊደሉ የልጅ ሆኗል።

ቅዳሜ ጠዋት አባባን አልብሼ፣ ጸጉሩን አበጥሬ። ቸኮልኩ። ካቻቪቴ። ተኛሁ። ማርሹን አላየሁም።

ዘለለ። ጎማው በክንዴ ላይ ወጣ፣ ትከሻዬ ጋ ሲደርስ ሞተሩ ጠፋ። ቀኝ ክንዴ ሁለት ቦታ፣ ትከሻዬ፣ የአንገቴ ሥር አጥንት፣ ሦስት ጎድን። ብረት አስገብተውበታል። ባለቤቴ ናት መኪናውን በክሪክ አንስታ ያወጣችኝ። ብቻዋን።

ያማል። በቃኝ ለዛሬ።

በማግስቱ

ነርሷ «ጎማው ፊት ምን ልትሠራ ተኛህ?» አለችኝ። ላስረዳት ጀመርኩ። ሌላ መንገድ የለውም ስላት፣ ከአፌ ሲወጣ አንድ ነገር ቀፈፈኝ።

ምን እንደሆነ እንጃ። መርፌው ይሆናል።

ረቡዕ፣ ቤት

ቅባት ሊጠይቀኝ መጣ። እኔ በሌለሁበት አዲስ ቁልፍ አስገብቶበታል። «ከእንግዲህ ጋቢና ቁጭ ብለህ ነው የምታስነሳው፣ አትቆጣኝ» አለ። አልተቆጣሁም።

«ቅባት፣ በካቻቪቴ ለማስነሳት ሌላ አቋም የለውም? ቆመህ፣ ጎን ሆነህ፣ ከኋላ?»

«የለውም አልኩህ እኮ።»

«ማርሽ ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ የሚያገኘው…»

«ካቻቪቴ የያዘውን ነዋ! ግንቡ ጋ ያለው ሰው እኮ ገና ሁለተኛ ነው። አንተ ነህ ማስረጃው።» ሳቀ፣ ሳቁን ግን ወዲያው ዋጠው። እዚሁ ሰፈር ነው ያደገው፣ ወሬውን ያውቃል። ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።

ሐሙስ

እማዬ የሞተች ቀን አባባ ላይ አንድ ጭረት አልነበረም።

ዓርብ

ምናልባት ቀድሞ ተንከባሎ አምልጦ ይሆናል። አባባ ፈጣን ነበር። ምናልባት የዛሬው ሞተሪኖ የያኔው አይደለም። ቅባትን ላኩበት። የያኔው ነው አለ።

ቀኝ ትከሻዬ ላይ እጀ ጠባብ እንኳ አልችልም። እሱ ሳጥን ተሸከመበት።

የወንድሜ ጥርስ። ያ ልጅ ጀርባው ተገሽልጦ በሆዱ ተኝቶ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ፣ እኔ ደግሞ ውሸታም ስለው። ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ያን እሁድ ግን ትንሽ ልጅ አልነበርኩም።

እሁድ ማታ

ቁጭ ብዬ በሥርዓቱ ልጽፈው።

ከምሳ በኋላ አባባን በተሽከርካሪ ወንበሩ፣ በአንድ እጄ እየገፋሁ፣ ወደ ግቢው አወጣሁት። ደስ አለው። የማዞረው ቀን ደረሰ ብሎ ነው። «በቃ፣ በቃ» እያለ በግማሽ ፊቱ ይስቃል። ወስጄ ግንቡን አስደገፍኩት። ፓራውልቱ ከፊቱ። ያኔ አልገባውም።

ጋቢና ገባሁ። ቁልፉን አዞርኩ፣ ተነሳ። በግራ እጄ ተሻግሬ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። ግራ እግሬ ፍሪሲዮኑ ላይ፣ ቀኙ ፍሬኑ ላይ ነው። መስታወት ስለሌለ ፊቱ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።

«አባባ! ያን ቀን የት ነበርክ?» ጮህኩ። «ጎማው ፊት ተኝተህ ነበር ወይስ እዚህ?»

ሳቁ ቆመ። ግራ እጁን አነሳ። ወደ ጎማው አላመለከተም። ወደ እኔ፣ ወደ መሪው ነው ያመለከተው። እጁ እዚያው ቆየ። ምናልባት ተው ማለቱ ይሆናል። እኔ ግን ያየሁትን አይቻለሁ።

ልጨፈልቀው ነበር። ምንም ላሳምረው አልፈልግም። አጥንቱ ሲሰበር ልሰማው ፈልጌ ነበር። ነዳጅ ሰጠሁ፣ ሞተሩ አጓራ፣ እግሬ ከፍሪሲዮኑ ላይ መነሳት ጀመረ፣ መኪናው ነቅነቅ አለ።

ባለቤቴ ከጓዳ ወጣች። እጇ አረፋ ነው፣ ልብስ እያጠበች ነበር። እንደ ልማዷ ከኋላ የምትዞር መስሎኝ ነበር። አልዞረችም። ቀጥ ብላ መጥታ አባባ ፊት ቆመች፣ ጀርባዋን ለእሱ፣ ሆዷን ለፓራውልቱ ሰጥታ።

«ዘወር በይ!» አልኳት።

«አልሄድም።»

«ዘወር በይ!» አልኳት፣ ሁለተኛ።

ሁለተኛውን ስል ጆሮዬ ሰማው። ድምፁ የኔ አልነበረም። ወይም ደግሞ የኔ ነበር፣ ሁሌም የኔው ነበር።

ፍሬኑን ረግጬ ቁልፉን አጠፋሁት። ሞተሩ ከቆመ በኋላም እግሬን ከፍሪሲዮኑ ላይ ማንሳት አቃተኝ፣ ካነሳሁት የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። እሷ አባባን እየገፋች ወደ ቤት አስገባችው። ክንዷ ላይ ያ በለዝ ቢጫ ሆኗል። ወደ ኋላዋ አላየችም። ሱሪዬ እርጥብ መሆኑን ያወቅኩት ስወርድ ነው።

ማክሰኞ

ወንድሜን ላኩበት። መጣ። እሱ ግራውን፣ እኔ ቀኜን ታስረን፣ በራፉ ላይ ተያየን።

«ጋሼ፣ እውነትህን ነበር» አልኩት።

በጥርሱ ክፍተት አየር ያፏጫል። «ይሄን አፌን ከመምታትህ በፊት ብታውቅ ኖሮ ትተወኝ ነበር?» አለኝ።

አዎ ልል ነበር። «እንጃ» አልኩት።

«ደግ፣ አሁን ነው እውነት የተናገርከው» አለ። አላቀፈኝም፣ አልተቀየመኝምም። አባባን ገብቶ አየው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፣ አንድ «በቃ» ብቻ ነው የሰማሁት። ሲወጣ እጁን ዘርግቶ «ቁልፉን» አለኝ። ሰጠሁት። ይዞት ሄደ።

ሐሙስ

ባለቤቴ እህቷ ዘንድ ሄደች።

አልለመንኳትም። ምን ብዬ? ሻንጣዋን ልሸከምልሽ ስላት «ተወው» አለች፣ ሳትቆጣ። የአባባን መድኃኒት አሰላለፍ አሳየችኝ፣ የጠዋቱን ለብቻ፣ የማታውን ለብቻ። ሾርባው ምድጃ ላይ ነው አለች። ስትታሰናበት ላለማየት ወጥቼ ጋቢናው ውስጥ ተቀመጥኩ። ሌላ የምቀመጥበት ቦታ አጣሁ።

ወጣች። መንገዷ በኋላ በኩል ክፍት ነበር፣ ደረቅም ነበር። በፊት በኩል መጣች። ቁልፉ ወንድሜ ዘንድ መሆኑን አልነገርኳትም፣ አታውቅም። በግንቡና በፓራውልቱ መሃል ገብታ፣ ሻንጣዋን ለማሳለፍ ጎኗን አዙራ፣ ሳትቸኩል አለፈች።

መሃሉ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ አየችኝ። መስታወት የለም፣ በመሃላችን ምንም የለም። እጄን ከመሪው ላይ አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኩት፣ እንድታየው። አየችው። ከዚያ ሄደች።